ተቃውሞ ማለት ተቃውሞ ነው

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ፊታቸው ቀርቤ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ በሥራ ቦታ ክፉ መናገሬን ስዘረዝር ኖሬአለሁ፤ እሳቸውም ስግደት ሰጥተው ያሰናብቱኛል። ይቺን አንዷን ግን በሆዴ እንደያዝኳት እመለሳለሁ። ደግሞስ ምን ብዬ ልናዘዛት? አልገደልኩም። አልሰረቅኩም። በሐሰት መሰከርኩ እንዳልል፣ ቃሌ ቢመረመር ሐሰት አይገኝበትም። የተናገርኩት አራት ቃል ነው፤ አራቱም እውነት ነበሩ። በነዚያ በአራት እውነተኛ ቃላት ነው ጓደኛዬን የካድኩት።

እናንተ ፊቴን አታዩትም፣ እኔም የእናንተን አላይም። ለዚህ ይሆናል ድፍረቱን ያገኘሁት።

ጡረታ የወጣሁ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ያደግኩት ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ነው፤ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። አባቴ ከመንዝ በዝውውር መጥተው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠሩ፣ በሙቀትም ኮታቸውን የማያወልቁ፣ ሳቃቸው ብርቅ የሆነ ሰው ነበሩ። ልጅ ፊት ለፊት ከተመሰገነ ይበላሻል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ከክፍል አንደኛ ወጥቼ ካርዴን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ያነቡና «በርታ» ይሉኛል። ሰባተኛ ስወጣም ያው «በርታ» ነው። ከዚያ ሌላ ቃል አልነበራቸውም።

ጓደኛዬ ላሚሶ ይባላል። ከከተማዋ ወጣ ያለችው የቡሹሎ መንደር ልጅ ነው፤ ሲዳማ። አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት እናቱ በእንሰትና በበቆሎ ያሳደጉት፣ እሑድ እሑድ ከእናቱ ጋር የጸሎት ቤት የሚሄድ፣ ያኔ «ጴንጤ» እየተባለ የሚንጓጠጥ ልጅ ነበር። ከቡሹሎ እስከ ትምህርት ቤታችን በእግሩ ተመላልሶ ነው የተማረው። አማርኛን የሰማው አንደኛ ክፍል ሲገባ ነው፤ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ደግሞ እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ። «እናንተ በሁለት በር ትገባላችሁ፤ እኔ ሦስት በር ነው የማንኳኳው» ይለኝ ነበር። ሒሳብ እሱ ያስጠናኛል፣ የአማርኛ ድርሰቱን እኔ አርምለታለሁ። የሴትና የወንድ አነጋገር አንዳንዴ ይምታታበታል፤ ስስቅበት እሱም አብሮኝ ይስቃል። ስሜንም ትቶት «ባለቋንቋው» ነበር የሚለኝ። «ባለቋንቋው፣ ይህችን እያት እስቲ» እያለ ደብተሩን ይሰጠኛል። እኔ ስለ አማርኛ ካልኩት አንድም ቀን ተከራክሮኝ አያውቅም።

ሁለታችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ደረሰን። አንደኛውን ዓመት በላሚሶ ትከሻ ላይ ተንጠልጥዬ አለፍኩ። በሁለተኛው ዓመት የሰርኪዩት ትምህርት መጣና ጉዴ ታየ። ላሚሶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስንት ጊዜ አስረዳኝ፤ ሲያስረዳኝ ይገባኛል፣ ብቻዬን ስቀመጥ ይጠፋብኛል። መጨረሻ ላይ «ኤፍ» መጣልኝ። ከሱ ጋርም የማስጠንቀቂያ ወረቀት፤ አንድ ጊዜ ከደገምኩ እባረራለሁ ማለት ነው። ላሚሶ ከክፍሉ ሁሉ በላይ ነበር ያመጣው።

ለክረምት ወደ ቤታችን ስንመለስ አውቶቡሱ ሻሸመኔ ላይ ቆመ። ያኔ ነው ክንዱን ይዤ የለመንኩት።

«አባቴ እንዳይሰሙ።»

«ከእኔ አይወጣም» አለኝ።

«ማልልኝ።»

«እኛ አንምልም፤ ታውቃለህ። አይወጣም ካልኩ አይወጣም።»

እኔ ያደግኩት በመሐላ ነው። በማርያም፣ በሚካኤል፣ በአባቴ ሞት እየተባለ ነገር የሚጸናበት ቤት ልጅ ነኝ። አልምልም ያለ ሰው አንድ ነገር ያስቀረ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ዝም አልኩ እንጂ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። እስቲ አስቡት፤ ቃሉ የጸና በመሆኑ መሐላ የማያስፈልገው ሰው ነው፣ መሐላ ስለከለከለኝ የጠረጠርኩት።

በዚያን በደርግ ዘመን ተማሪ ክረምቱን በመሠረተ ትምህርት ያገለግላል። ማገልገላችንን ጠቅሶ ቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ካልጻፈልን በመስከረም ተመልሶ መመዝገብ አይታሰብም። እኔና ላሚሶ እኛ ሰፈር ቀበሌ አዳራሽ ተመደብን። ፊደል የቆጠሩት ጎልማሶች ጠቃሚ እውቀት ይማሩ ተብሎ ለእኛ የተሰጠን ኤሌክትሪክ ነበር። በዚያው ሰሞን እዚያው ሰፈር አንድ ቤት በሽቦ መነካካት ተቃጥሎ ነበርና ሰዉ ሁሉ ስለ ሽቦ ማወቅ ይፈልጋል። ማስተማሪያ መጽሐፍ ግን የለም። እኛ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪዎቻችን ደግሞ ነጋዴ፣ ልብስ አጣቢ፣ ዘበኛ ናቸው።

ላሚሶ በዚህ ነገር አበደ ብል ይቀለኛል። አንድ ሰማያዊ ደብተር ገዛና በግራ በኩል የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ አማርኛውን መጻፍ ጀመረ። «እነዚህ ሰዎች ሦስት በር ማንኳኳት የለባቸውም» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ ሲያልቅ አዳራሹ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ፣ ቃል እናወጣለን። ቮልቴጅን «ግፊት» አልነው። ከረንትን «ጅረት» አልነው። ሬዚስታንስ ላይ ስንደርስ እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ ከቶ ቆየ።

«እንቅፋት ልበለው?»

«እንቅፋት የእግር ነው፤ ሽቦ እግር የለውም» አልኩት። «ተቃውሞ በለው። ሽቦው ጅረቱን ይቃወመዋል።»

«ሽቦው ይቃወመዋል» ብሎ ሳቀ። ወደደው። «ባለቋንቋው ካለ አለ ነው» ብሎ በቀይ ጻፈው።

ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን እያወቃችሁ የሚቀጥለውን ስሙኝ። በዚያ ዘመን «ተቃውሞ» የሚለው ቃል ሌላ ምን እንደሚያመጣ አልታየህም ወይ ብትሉኝ፣ ታይቶኛል። ለቅጽበት ታየኝና በሆዴ ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ለላሚሶ ግን አልታየውም። እሱ ቃሉን ከእኔ ተቀበለው፣ ሌላ ኪስ ይኑረው አይኑረው አልፈተሸም።

ትምህርቱ ሰመረ። ላሚሶ ውሃ በቱቦ እየመሰለ ሲያስረዳ ሰዉ ይገባዋል። ከሁሉም የበረቱት ጋሽ በየነ ነበሩ፤ የእህል መጋዘን ዘበኛ ናቸው፣ ፊደል የለዩት በዚያው ዓመት ነው። ላሚሶ በሰሌዳው ላይ የሚጽፈውን ሁሉ በደብተራቸው ይገለብጣሉ። አንድ ቀን ያ ቤት ለምን እንደተቃጠለ ሲያስረዳ፣ ሁለት ራቁት ሽቦ ሲነካካ ጅረቱን የሚገታው ነገር እንደማይኖር ተናግሮ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ተቃውሞ የሌለበት ጅረት ቤት ያቃጥላል።» ጋሽ በየነ ይህችን ዓረፍተ ነገር በጣም ወደዷት። ሦስት ጊዜ ጻፏት።

ከዚያ በኋላ ነው የአባቴ ነገር የመጣው።

ከሥራ ገብተው ኮታቸውን እንደለበሱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። «ዛሬ ጓደኛህን መንገድ ላይ አገኘሁት» አሉ። «ስለ ውጤትህ ጠየቅኩት። ሁሉንም ነግሮኛል።» መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉና ብዙ ቆዩ። ከዚያ «በርታ» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

የምገባበት ጠፋኝ። ሁሉንም ነግሮኛል። ኤፉን፣ ማስጠንቀቂያውን፣ መባረር እንደተቃረብኩ፣ ሁሉንም። አባቴ ከመቆጣት «በርታ» ማለታቸው ደግሞ የባሰ ሆነብኝ፤ ተስፋ የቆረጡብኝ መሰለኝ። ክንዱን ይዤ ለምኜው ነበር እኮ። አልምልም ያለው ለካ ለዚህ ኖሯል ብዬ አሰብኩ። ወንድሜ ያልኩት ሰው፣ ለአንደኝነቱ እንዲጨበጨብለት፣ በአባቴ ፊት አራቁቶ አቆመኝ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። እንደዚያን ቀን የተከዳሁ ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ያ ስሜት እስከ ዛሬ ሲነሳ ያንገበግበኛል፣ ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ እንኳ።

ለምን አልጠየቅኩትም? «ለአባቴ ምን አልካቸው?» ማለት ስንት ቃል ነው? እኛ ግን ስንቀየም አንጠይቅም፤ እናኮርፋለን። የበደለን ሰው በደሉን ራሱ እንዲያውቀው እንጠብቃለን። ላሚሶ ከእናቱ ማሳ የበቆሎ እሸት ይዞልኝ መጣ። አልፈልግም አልኩት።

«ምን አደረግኩህ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ፊትህ ምንም አይልም።»

«ምንም አልኩህ።»

እሸቱን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ዝናብ ወረደበት። አላነሳሁትም።

ከሳምንት በኋላ ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች መሠረተ ትምህርቱን ሊጎበኙ መጡ። አዳራሹ ተጠርጎ፣ ጨርቅ ተሰቅሎ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ካኪያቸውን አስተኩሰው ለብሰው ነበር። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው ነበሩ አልላችሁም፤ ፈሪ ሰው ነበሩ፣ ያም ይበቃ ነበር። ከተማሪዎች አንዱ ተነስቶ ያነብ ዘንድ ሲጠየቅ ጋሽ በየነ ሳይጠሩ ተነሱ። ደብተራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጣታቸውን ከቃል ቃል እያሻገሩ፣ በዘበኛ ድምፅ አነበቡ፦

«ተቃውሞ የሌለበት ጅረት ቤት ያቃጥላል።»

ማንም አላጨበጨበም። ጋሽ በየነ አልሰሙኝም ብለው ከፍ አድርገው ደገሙት። አንዱ እንግዳ ወደ ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አለ። በማግስቱ ሰማያዊው ደብተር ተወሰደ፤ በሦስተኛው ቀን የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ።

አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቶ ነበር። ላሚሶ ፊት ለፊት ቆሟል። ሊቀመንበሩ ደብተሩን ገልጠው በቀይ የተጻፈውን አነበቡና «ይህን ማን ጻፈ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ምን ልትል ፈልገህ ነው?»

«የሳይንስ ቃል ነው። ሽቦ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ የፖለቲካ አይደለም።»

«ጴንጤዎቹ ናቸው ይህን የላኩህ?»

«ማንም አልላከኝም።» ላብ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ አየሁት። ዓይኑ በአዳራሹ ዞረና እኔ ላይ ሲያርፍ ፊቱ ፈታ አለ። ያን ፊት እስክሞት አልረሳውም። «አማርኛ የአፌ መፍቻ አይደለም፣ ጓዶች። ልሳሳት እችላለሁ። ጓደኛዬ ግን እዚህ አለ። እሱም ኤሌክትሪክ ተማሪ ነው፣ ደግሞ ባለቋንቋ ነው። እሱን ጠይቁት።»

ልብ በሉልኝ፤ ቃሉን እሱ ነው የሰጠኝ አላለም። ያ አንድ ንግግር ያድነው ነበር። እኔን እንዳይነካካኝ ብሎ ተወው። እውነቱን በራሴ አፍ እንድናገር ቦታውን ለቀቀልኝ።

ሊቀመንበሩ አስነሱኝ። «በተማራችሁበት መጽሐፍ ላይ ይህ ቃል አለ?»

«የለም» አልኩ። እውነት ነው፤ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው።

«እንግዲህ አንተ ባለቋንቋ ነህ ተብለሃል። በአማርኛ ተቃውሞ ማለት ምንድን ነው?»

የማስበው ሁሉ አባቴን ነበር። ያን መነጽር ሲጠርጉ የቆዩበትን ዝምታ። ሁሉንም ነግሮኛል ያሉትን። ላሚሶን አየሁትና «አሁን ደግሞ የአንተ ተራ ነው» አልኩ በልቤ።

«ተቃውሞ ማለት ተቃውሞ ነው» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተቀመጥኩ።

ፈርቼ ነው ብዬ ለራሴ ብዙ ዘመን ነግሬዋለሁ። ዘመኑ ነው ብያለሁ፤ እዚያ ብትሆኑ እናንተም ያንኑ ታደርጉ ነበር ብያለሁ። ፍርሃት አልነበረም አልላችሁም። ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ዛሬ እዚህ ባልደረስን። ደስ ብሎኝ ነበር። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጣፍጦኛል። ኑዛዜዬ እሱ ነው፤ ሌላው ማዳመቂያ ነው።

ደግሞም በዚያ አዳራሽ ሁሉም ሰው አልፈራም። ጋሽ በየነ ሳይጠየቁ ተነሱ። «ልጁ ያስተማረኝ ስለ ሽቦ ነው» አሉ። «ተቃውሞ ሽቦ ውስጥ ነው ያለው። ገብቶኛል እኮ፤ ልንገራችሁ?» ተቀመጥ ተባሉ። አልተቀመጡም። «ገብቶኛል» አሉ ደግመው፣ የቀበሌው ጠባቂዎች ክንዳቸውን ይዘው እስኪያስቀምጧቸው ድረስ። ፊደል የለየ አንድ ዓመት ያልሞላው ዘበኛ የተናገረውን እኔ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ባለቋንቋው፣ ቃሉን ያወጣሁት ሰው፣ አልተናገርኩም።

ላሚሶ ዞሮ አየኝ ብቻ። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር፤ ግን የማያውቀው ቃል ሲገጥመው እንደሚያደርገው ነበር ያየኝ፣ ትርጉሙን እንደሚፈልግ።

ሁለት ወር ቀበሌው ውስጥ ታሰረ። ደብዳቤ ተከለከለ። መስከረም ሲጠባ ከምዝገባ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልተማረም። እኔ ደብዳቤዬ በማኅተም ተጽፎ ተሰጠኝ።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ስዘጋጅ እናቱ ቤታችን መጡ። ከቡሹሎ በዝናብ በእግራቸው ነው የመጡት። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘዋል። አማርኛ ብዙም አይችሉም። አባቴ ይቀመጡ ብለው ወንበር ሲያቀርቡላቸው እምቢ ብለው እኔን እጄን ያዙኝ። «ላሚሶ ምን አለ?» አሉኝ። «ምን ክፉ አለ? ሰው አይነግረኝም።» «ምንም ክፉ አላለም» አልኳቸው። እጄን አልለቀቁም። «አንተ ወንድም። አንተ አፍ አለህ። ሂድ ተናገር።» እሺ አልኳቸው። እሺ አልኳቸውና በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቆጮውን እናቴ መንገድ ስንቅ አድርጋ ቋጠረችልኝ።

መኝታ ክፍላችን ውስጥ የላሚሶ አልጋ ባዶ ነበር። ሣጥኑ ግን ክረምቱን እዚያው ትቶት ነበርና የሰርኪዩት ደብተሩ በውስጡ አለ። ከፈትኩት። በዳር በዳሩ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ እኔን ሲያስጠና እንዲያስታውሰው ለራሱ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ነበሩ፦ «ይህችን ሁልጊዜ ይረሳታል፤ ከዚህ ጀምርለት።» በዚያ ደብተር አጥንቼ የወደቅኩበትን ትምህርት በ«ቢ» አለፍኩ። ስንት ጊዜ ነው ሰው በአንድ ሰው የሚጠቀመው?

ሦስት ዓመት አለፈ። ተመረቅኩ። ታቦር ቤታችን ድንኳን ተተከለ፣ በግ ታረደ፣ ዘመድ ከመንዝ ድረስ መጣ። አባቴ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ሊያመሰግኑኝ ብርጭቆ ይዘው ቆሙ።

«በሁለተኛ ዓመቱ ክረምት» አሉ፣ «ያ የቡሹሎው ጓደኛው መንገድ ላይ አገኘኝ። ልጄ እንዴት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ "ጋሼ፣ አይስጉ፤ ሁሉንም አልፏል፤ እኔ እንኳ በእሱ አማርኛ ነው የምቆመው" አለኝ። ያን ቀን ቤት ገብቼ እንባዬ መጥቶ መነጽሬን እየጠረግኩ ነው የደበቅኩት።»

ሰዉ እልል አለ።

ሁሉንም አልፏል። አልምልም ያለው ልጅ፣ መዋሸት ኃጢአት ነው ብሎ ያደገው ልጅ፣ ለኔ ሲል አባቴን ዋሽቶ ነበር። እኔ በውሸት መሰል እውነት ከሰስኩት፤ እሱ በእውነት መሰል ውሸት ሸፍኖኝ ነበር። አባቴም ከደስታቸው ብዛት «በርታ» ከማለት ሌላ ቃል ስላላገኙ እኔ እንደ ፍርድ ሰማሁት። ባለቋንቋው የአባቱን አማርኛ አልተረጎመም።

ያን ቀን ተነስቼ ወደ ቡሹሎ መሄድ ነበረብኝ። ጋሪ ላይ ብወጣ አንድ ሰዓት አይፈጅም። አልሄድኩም። እንግዳ አለብኝ አልኩ። በማግስቱ ድካም አለብኝ አልኩ። ከዚያ ሥራ ተመደብኩና ሥራ አለብኝ አልኩ።

በመሥሪያ ቤቴ ጥቂት ዓመት እንደቆየሁ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የጥንቃቄ መመሪያ ወደ አማርኛ እንድመልስ ታዘዝኩ። አማርኛዬ ጥሩ ነው ተብሎ ነው። ሬዚስታንስ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ከዚያ «እንቅፋት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያች ገጽ እስከ መጨረሻው «እንቅፋት» ነው። መመሪያው ተባዝቶ ለየክፍለ ሀገሩ ተላከ። የትርጉም ሰው ስም አልተጻፈበትም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ለሥራ ሐዋሳ ተላክሁ። በከተማው ምሥራቅ በኩል ጎበዝ የሞተር ሽቦ ጠምጣሚ አለ አሉኝ፤ የተቃጠለ ሞተር ይዘን ሄድን። ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነው። በር ላይ ላሚሶ ቁጭ ብሎ የመዳብ ሽቦ ይጠመጥማል። ጸጉሩ ሳስቷል፤ እጁ ግን ያው ነው። ሲያየኝ ተነሳ። ጨበጠኝ። በርጩማ አቀረበልኝ። ስለ እናቱ ጠየቅኩት፣ ሞተዋል አለኝ። ስለ አባቴ ጠየቀኝ፣ ደኅና ናቸው አልኩት። «ጋሼን ሰላም በልልኝ» አለ።

ግድግዳው ላይ፣ በሚስማር፣ መመሪያዬ ተሰቅሏል። አወረድኩትና ገለጥኩት። «እንቅፋት» የሚለው ቃል በየገጹ በእስክሪብቶ ተሰርዟል። በላዩ ላይ፣ በማውቀው ደቃቅ ጽሕፈት፣ በቀይ፣ «ተቃውሞ» ተብሎ ተጽፏል። በየገጹ። አንዲትም አላመለጠችውም።

«ለምን ሰረዝከው?» አልኩት።

ከሽቦው ላይ ቀና አላለም። «እንቅፋት የእግር ነው» አለኝ። «ሽቦ እግር የለውም።»

ያኔ ነበር። በሩ ያኔ ተከፍቶልኝ ነበር፤ እሱ ራሱ ከፍቶልኝ ነበር። የሰጠሁትን ቃል ያን ያህል ዋጋ አስከፍሎት እንኳ አልጣለውም፤ ጠብቆት ኖሮ መልሶ በእጄ ላይ አኖረልኝ። «ማረኝ» ማለት ነበረብኝ። መመሪያውን በሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩት። «ሞተሩ መቼ ይደርሳል?» አልኩት። «ሐሙስ» አለኝ። ሐሙስ ሌላ ሰው ላክሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ሐዋሳ ነው የምኖረው። ላሚሶም በሕይወት አለ። የሱ የቆርቆሮ ቤት ዛሬ የብሎኬት ሆኗል፤ በዚያ በኩል ስሄድ መንገድ እቀይራለሁ። ምሕረት ከእናንተ አልለምንም፤ የእናንተ አይደለችም። ዘመኑን አልከስም፣ ሊቀመንበሩን አልከስም፣ የአባቴንም «በርታ» አልከስም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ያ አዳራሽ እንደገና እንደተሞላ፣ ላሚሶም ፊት ለፊት እንደቆመ ቁጠሩልኝና ጥያቄውን እናንተ ጠይቁኝ። ተቃውሞ ማለት ምንድን ነው በሉኝ።

ጓዶች፣ ተቃውሞ ማለት ጅረት በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ የሚገታው ነገር ነው። እሱ ከሌለ ቤት ይቃጠላል። ጋሽ በየነ በትክክል አንብበዋል። ላሚሶ «እንቅፋት» ሊለው ነበር፤ ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።